አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ የእኛስ ልጅ?



ኅዳር ሲገባ ሰፈራችን ልደታ ጠዋት ጠዋት ሌላ መልክ ይይዛል። ነጠላቸውን አጣፍተው ከልደታ ማርያም የሚመለሱ እናቶች፣ ፋይላቸውን በክንዳቸው ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ የሚጣደፉ ባለጉዳዮች፣ ባቡር የሚጠብቁ ሠራተኞች ባሉበት መንገድ ላይ ሶምሶማ የሚሮጡ ወጣቶች ይበዛሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እየደረሰ ነዋ! በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ዛሬ የከተማው ዓመታዊ በዓል ሆኗል። ዓመቱን ሙሉ ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው እንኳ ቲሸርቱን ከገዛ በኋላ እግሩን መፈተሽ ይጀምራል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት በዕድሜ የሚበልጡኝ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። «ሲስተርዬ፣ እስቲ ይህን ልጅ አንድ በይልኝ» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው 14 ዓመቱ ነው። ተፈጥሯዊ አሯሯጥ ማለት ጫማን አውልቆ መሮጥ ነው የሚል ነገር በስልኩ ላይ አይቶ ጫማውን ወርውሯል። በየጠዋቱ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ በአስፋልቱ ላይ በባዶ እግሩ ደርሶ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመው ጀመር። አሁን ደረጃ ሲወርድ ብረቱን ይዞ ነው። አባቱ «ሯጭ መሆን የፈለገ ሕመም ይችላል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» ይላል። አያቱ ደግሞ ሩጫ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ይቅር ብለዋል። አንዱ ይሩጥ፣ አንዱ ይቁም ይላል፤ እግሩን ግን ያየለት የለም።

ይህ ክርክር የአንድ ቤት ብቻ ስላልመሰለኝ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጠሁት።

የሮሙ ሌሊት

በአበበ ልጀምር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሮም ላይ ማራቶኑ የተጀመረው ወደ ማምሻው ስለነበር ሯጮቹ የመጨረሻውን መንገድ የጨረሱት ወታደሮች በያዙት የችቦ ብርሃን ነው። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ከዚያ የፈጠነ ማራቶን አልተሮጠም ነበር። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ ከወተት ጋር ነው የጠጣነው።

ታሪኩን ስንናገር ግን የምንዘላቸው ነገሮች አሉ። አበበ ሮም ላይ የ28 ዓመት ሙሉ ሰው ነበር። ውትድርና ሰውነቱን አጠንክሮታል፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በሥርዓት አሠልጥኖታል። እግሩ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በገጠር መሬት የለመደ፣ የውስጥ እግሩ ቆዳ የጠነከረ እግር ነው። ጫማ የተወውም ለእምነት ወይም ለፋሽን ሳይሆን የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር የሆነው። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። በባዶ እግሩ ከሮጠበት በሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። እንግዲህ ድሉ የጫማውም የባዶ እግሩም አልነበረም፤ የሰውየውና የልምምዱ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ምን አገኙ?

ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩት ነገር ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። ጫማ ሳያደርጉ ያደጉ የኬንያ ሯጮች ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት በፊተኛው ወይም በመሐለኛው የእግራቸው ክፍል ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ የለመዱት ደግሞ በተረከዛቸው ያርፋሉ። በባዶ እግር ሆኖ በተረከዝ ማረፍ አጥንትን በድንገት እንደ መዶሻ ይመታል። በፊተኛው እግር ሲታረፍ ግን ባትና የተረከዝ ጅማት እንደ ሞላ ሆነው ምቱን ያለዝቡታል። ይህ ከተሰማ በኋላ በውጭው ዓለም ብዙ ሰው ጫማውን አወለቀ ወይም እንደ ጓንት የሳሳ ጫማ ገዛ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ ዳሰነቾች ላይ ሌላ ጥናት ወጣ። ዳሰነቾች በእኛም አገር በደቡብ ኦሞ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግር የኖሩ ሆነው ሳለ፣ ረጅም ርቀት በሚሮጥበት ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ ያረፉት በተረከዛቸው ነበር። ስለዚህ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ አንድ ትክክለኛ አረጋገጥ አለ ማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በ10 ሳምንት ውስጥ ከለመዱት ጫማ ወደ ስስ ጫማ ከተሸጋገሩት ሯጮች ከግማሽ በሚበልጡት እግር ውስጥ አጥንቱ ከአቅሙ በላይ መጫኑን የሚያሳይ ምልክት በምርመራ ታየ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። እግር ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን በራሱ ጊዜ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ልጁ «አልደከመኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ ሳንባው አልደከመም። አጥንቱ ግን ገና አልደረሰበትም። ጉዳት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ጫማ ስለምን?

በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየሁትን እግር ሁሉ ብቆጥር፣ ጫማ ከጎዳው ይልቅ የጫማ ማጣት የጎዳው ይበልጣል። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የኖሩ ሰዎች እግር ቀስ በቀስ የሚያብጥበት በሽታ አለ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። መንስኤው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች መሆናቸው እዚሁ አገራችን ውስጥ በእንግሊዛዊው ሐኪም በኧርነስት ፕራይስ ምርምር ተጠንቷል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። በየመንገዱ የወደቀው ሚስማርና ስባሪ ጠርሙስ ደግሞ አለ። መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በእንዲህ ያለ ቁስል ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በባዶ እግሩ ሊሮጥ ቀርቶ በቤቱ ውስጥም ያለ ጫማ ባይሄድ ይሻላል። እግሩ ስሜት ካጣ ቁስሉን የሚያውቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጫማ ይደረግ። ውድ መሆን የለበትም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቦታ ያለው፣ ጣቶችን የማያጣብቅ፣ ተረከዝ ላይ የማይላላ ይሁን። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰልባጅ የሚገዛ ከሆነ ሶሉን ገልብጣችሁ እዩት፤ በአንድ በኩል ካለቀ የሌላ ሰው አረጋገጥ ታትሞበታልና ተዉት። ለውድድሩ ቀን የተገዛ አዲስ ጫማም በውድድሩ ቀን አይጀመርም፤ ውኃ ቋጥሮ ይመልሳችኋል።

ባዶ እግር ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ንጹሕ ሣር ላይ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ለአምስት ደቂቃ በእርጋታ መሮጥ የውስጥ እግርን ጡንቻ ያነቃል። አስፋልትና ኮብልስቶን ግን የዚህ መማሪያ አይደሉም።

ተፈጥሯዊው አሯሯጥ

ሕፃን ልጅ ወደ እናቱ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥ ብሎ፣ አጭር አጭር እየረገጠ፣ ፊቱ ሳይጨማደድ ነው የሚሮጠው። ለእኛ ለአዋቂዎቹም ትምህርቱ እዚያው ነው።

እርምጃችሁን አሳጥሩ። እግር ከሰውነት ፊት ርቆ ሲያርፍ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ የዚያን ፍሬን ኃይል የሚቀበለው ጉልበት ነው። እግራችሁ ከሰውነታችሁ በታች ይረፍ። ለመቁጠር የሚፈልግ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀኝ እግሩ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ይቁጠር። 75 ከሆነ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር እርምጃውን እያሳጠረ ወደ 80 ያድርሰው። እርምጃን ከ5 እስከ 10 በመቶ ማብዛት ጉልበትና ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።

ድምፃችሁን አድምጡ። «ዷ ዷ» የሚል እግር መሬቱን እየደበደበ ነው። ቀለል አድርጋችሁ እርገጡ። በጣት ለመርገጥ ግን አትታገሉ፤ እርምጃው ሲያጥር አረጋገጡ በራሱ ይስተካከላል።

ትከሻችሁን አላሉ፤ ጡጫችሁን አትጨብጡ፤ ዓይናችሁ ከ10 እና ከ15 እርምጃ በፊት ያለውን መንገድ ይይ። እጅን እንደ እከሌ ላድርግ አትበሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አንድ እጁን አጠፍ አድርጎ የሚሮጠው በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው ይባላል። እንዲያም ሆኖ በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቋል። ሰው ሁሉ የራሱ አሯሯጥ አለው።

ምን ያህል፣ እንዴት?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶች የሩጫ አሠልጣኝ ይመስሉኛል። ጀማሪ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሐል የዕረፍት ቀን እየሰጠ ይጀምር። አምስት ደቂቃ ይራመድ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያደረገ ስምንት ጊዜ ያህል ይደጋግም። ሳይታመም ሁለት ሳምንት ካለፈ የሩጫውን ደቂቃ በጥቂቱ ይጨምር። ርቀትና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አንድ ላይ መጨመር አይገባም።

ልኩን የሚነግራችሁ ወሬያችሁ ነው። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ነው። ትንፋሽ ቆርጧችሁ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ከቀራችሁ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ናትና ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ለመጡ ዘመዶቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ሮጠው የማያውቁ ሆነው ወደ እንጦጦ አቀበት በመጀመሪያው ቀን እንዳትወስዷቸው!

የቱ ሕመም ነው የሚፈራው?

ከሩጫ በማግሥቱ ሁለቱም ታፋ ወይም ሁለቱም ባት ቢዝል፣ በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ ከሆነ አያስፈራም። የሚያስፈራውን ልንገራችሁ። በአንድ እግር ብቻ፣ አጥንት ላይ፣ በአንድ ጣት ጠቁማችሁ የምታሳዩት ሕመም፤ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፤ የሚያስነክስ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ። ይህ አጥንቱ በተደጋጋሚ ምት መሰንጠቅ መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሩጫውን በዚያው ቀን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ቅልጥሙን በጣቴ እየተጫንኩ ስወርድ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እግሩን ነጠቀኝ። አባቱ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ይህ በጀግንነት የሚታለፍ ሕመም አይደለም» አልኩት፤ በማግሥቱም ወደ ሐኪም ይዞት ሄደ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም። አባትየው ደስ ብሎት «ደህና ነው!» ብሎ ሊያስሮጠው ነበር። ገና የጀመረ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል የነገረው ሐኪሙ ነው። ልጁ አሁን አርፏል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ይታያል። የዘንድሮው ታላቁ ሩጫ ቀርቶበታል፤ አልቅሷልም። አያቱ «ላይሮጥ ነው እንግዲህ» ብለው እፎይ ሲሉ ግን አልተስማማሁም። ካገገመ በኋላ በጫማ፣ በጥቂት በጥቂቱ ተመልሶ መሮጥ አለበት። በዕድሜው ያለ ልጅ በቀን 60 ደቂቃ ያህል ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይገባዋል፤ ስልክ ይዞ ከተቀመጠ ልጅ የሮጠ ልጅ ይሻላል።

ሌላም ልጨምር። ቁመቱ ቶሎ ቶሎ በሚጨምር ልጅ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት አብጦ ሊያም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሩጫውን ሲቀንስ ይሻለዋል፤ ዕድገቱ ሲያበቃም ይተወዋል። ለወለምታ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ዕረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል እያረፉ መያዝ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። አትሹት። መርገጥ ካቃተው ወይም ቅርጹ ከተለወጠ ሳይታሽና ሳይታሰር ወደ ሕክምና ይሂድ። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች በአገራችን ጥቂት አይደሉም።

ታላላቆቹም ይጎዳሉ። ኃይሌን የተረከዝ ጅማቱ ለዓመታት አስቸግሮታል። ቀነኒሳ በቀለ በባቱ ጉዳት ሁለት ዓመት ገደማ ከውድድር ርቆ ነበር፤ በኋላ ግን በ2012 ዓ.ም. መግቢያ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጧል። ማረፍ ከሩጫ መውጣት አይደለም።

ሴት ልጆቻችን፣ ማዕዱና ጾሙ

ከእነ ደራርቱና ጥሩነሽ ወዲህ ሴት ልጄ ትሩጥ የሚል ወላጅ መብዛቱ ደስ ይላል። እናቶች ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ የወር አበባዋ ይመጣል ወይ? ብዙ እየሮጠች በቂ የማትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አጥንቷ መሳሳት መጀመሩን ሊነግረን ይችላልና ትመርመር።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾሙን የሚጾም ሯጭ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ አትክልቱን ሳይሳሳ ይብላ። ሳይበላ የሚውል ሰው ረጅሙን ሩጫ ጠዋት ሳይሆን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አቅራቢያ ያድርገው፤ ከሩጫ በኋላ ወዲያው እንዲበላ። የሚያድጉ ልጆችን ባዶ ሆድ አታስሩጡ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ጾምና ሩጫን አያጣምር፤ ኪሱም ከስኳር ወይም ከከረሜላ አይለይ።

ለእኛ ለአያቶቹ

በእኛ ዕድሜ ሩጫ ግዴታ አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ትልቅ ጥቅም አለው። ሶምሶማ መጀመር የሚፈልግ ካለ ግፊቱንና ስኳሩን አስቀድሞ ይለካ። በሩጫ መሐል ደረቱን ጭምድድ ካደረገው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ካዞረው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው ያቁም። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ቤቱ አይተኛ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ለወላጆች የማሳስበው አንድ ነገር ቀርቶኛል። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው ልጆቹን በአንድ ወቅት ስላቻኮለቻቸው አይደለም። ሥራቸውን በትዕግሥት የጀመረላቸው የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው ሥንታየሁ እሸቱ ነው፤ ወርቁ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ልጃችሁ ሲሮጥ ሰዓቱን ከመጠየቃችሁ በፊት «ምንህን አመመህ?» በሉት። አሞኛል ሲል የሚቆጣው ወላጅ ያለው ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ እየሰፋ ነው የሚሄደው።

ዘንድሮ መስቀል አደባባይ የምትወጡ ሁሉ መልካም ሩጫ። ውኃችሁን አትርሱ፤ መጀመሪያ ላይ አትጣደፉ። ሳምንት እስክንገናኝ በጤና ሰንብቱ።